የሳንባ ካንሰር ሕክምና አማራጮች በንጽጽር፦ የመዳን ተስፋ፣ ወጪና መንገድ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ታማሚ

አንድ ሰው የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የት እንውሰደው?» የሚል ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ይታከም፣ ጎንደር ይሂድ፣ አዲስ አበባ ይወሰድ፣ ወይስ ዘመድ አዋጥቶ፣ ያለው ጥሪት ተሽጦ ሕንድ ይላክ የሚለው ክርክር የምርመራው ውጤት ሳይጠናቀቅ ይጀመራል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የሕክምና ቦታዎችን ከማወዳደር በፊት በዚያ ታማሚ ላይ የትኛው ሕክምና ለማዳን፣ የትኛው ዕድሜ ለማራዘም፣ የትኛው ደግሞ ሥቃይ ለማስታገስ እንደሚሰጥ መለየት ያስፈልጋል። ይህ ካልተለየ ቤተሰብ ለመዳን የተከፈለ የመሰለው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ዕድሜ የተከፈለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በተቃራኒውም ሊድን የሚችል ሰው «ካንሰር መድኃኒት የለውም» ተብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ከንጽጽሩ የሚቀድመው ምርመራ

የሳንባ ካንሰር በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። ከመቶ ታማሚዎች 85 ያህሉን የሚይዘው ትናንሽ ሕዋስ ያልሆነው ዓይነት ሲሆን፣ 15 ያህሉን የሚይዘው ደግሞ በፍጥነት የሚሠራጨው ባለ ትናንሽ ሕዋሱ ዓይነት ነው። የሁለቱ ሕክምና እጅግ ስለሚለያይ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን «ዕጢ ታይቷል» መባሉ ብቻውን ለምርጫ አይበቃም። በመርፌ ወይም በአየር ቧንቧ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ፣ ማለትም ሕዋሱ በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ መመርመር አለበት፤ በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመም ውኃው ተቀድቶ ሊመረመር ይችላል።

ቀጥሎ የሚታወቀው ደረጃው ነው። በአንደኛ ደረጃ ካንሰሩ ከሳንባው አልወጣም። በሁለተኛ ደረጃ ባብዛኛው በዚያው ሳንባ ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ደርሷል፤ በሦስተኛ ደረጃ በደረት መካከል ያሉትን ንፍፊቶች ወይም በአቅራቢያው ያሉ አካላትን ይዟል። አራተኛው ደረጃ ወደ አንጎል፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላኛው ሳንባ ሲሠራጭ፣ እንዲሁም የሳንባ ሽፋን ውኃ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ሲገኝ ነው። ለዚህ የደረትና የላይኛው ሆድ ሲቲ ስካን፣ እንዲሁም በተለይ ቀዶ ሕክምና ወይም ሙሉ ጨረር ከታሰበ የአንጎል ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ደረጃው የመዳን ዕድልን ምን ያህል እንደሚለውጠው ለማየት ዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር ያወጣቸው አኃዞች ይጠቅማሉ። ትናንሽ ሕዋስ ያልሆነው ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች መካከል ዕጢያቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ የተገኘላቸው ከመቶ 92ቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ ቁጥሩ ከ60 እስከ 53፣ በሦስተኛ ደረጃ ከ36 እስከ 13 ይወርዳል፤ በአራተኛ ደረጃ የተሻለ ዕድል ላላቸው እንኳ 10 አካባቢ ነው። እነዚህ አኃዞች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 በሽታው ከታወቀላቸው ሰዎች የተሰበሰቡ በመሆናቸው የአዳዲሶቹን መድኃኒቶች ውጤት በሙሉ አያሳዩም። በሌላ በኩል ባብዛኛው ምርመራውም ሕክምናው በሚገባ ከሚገኝባቸው አገሮች የመጡ ናቸው። አምስት ዓመት መኖርም ከመዳን ጋር ፍጹም አንድ አይደለም፤ ነገር ግን በሽታው የሚያገረሸው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለሆነ አምስት ዓመት ያለ ምልክት ያለፈ ሰው ትልቅ ተስፋ ይኖረዋል።

በእኛ አካባቢ ለደረጃው መባባስ አንዱ ምክንያት ሳንባ ነቀርሳ ነው። የማይለቅ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ የሁለቱም በሽታዎች ምልክቶች ስለሆኑ፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው የነቀርሳ መመርመሪያ መሣሪያ ተመርምሮ ነቀርሳ ያልተገኘበት ሰው በግምት ብቻ የስድስት ወር የነቀርሳ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ያላየ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው ከ40 ያለፈ ከሆነ ስድስት ወሩን እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም፤ ሲቲ ስካን ይጠይቅ። ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ለናሙናና ለደረጃ ምርመራ ይውጣ፤ ሌላው ወጪ ሁሉ የሚወሰነው በእነዚህ ውጤት ነው።

ቀድሞ ሲገኝ፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ያነጣጠረ ጨረር

በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰውነቱ ለሚችል ሰው፣ የመጀመሪያው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ነው። የቀኝ ሳንባ በሦስት፣ የግራው በሁለት ክፍሎች የተከፈለ በመሆኑ ሐኪሙ ዕጢው ያለበትን ክፍል ሙሉ በሙሉ ከንፍፊቶቹ ጋር ያወጣል። ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና በሳንባው ጠርዝ ላይ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ክፍል ማውጣት እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህም የትንፋሽ አቅሙ ለተዳከመ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ሙሉ ሳንባ ማውጣት ግን ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የትንፋሽ አቅም ይለካል፣ የልብ ሁኔታ ይታያል። የሚያጨስ ሰውም ማጨሱን ቢያንስ ከአራት ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ይገባዋል፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ቢቀርም ግን ማቆሙ ይጠቅመዋል።

ልቡ ወይም ሳንባው ቀዶ ሕክምና የማይችል፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው በአንደኛ ደረጃ ላይ ከተገኘ ሁለተኛው አማራጭ ከፍተኛ መጠን ያለውን ጨረር በጠባብ ቦታ ላይ አነጣጥሮ ከሦስት እስከ አምስት በሚደርስ ጊዜ ብቻ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ሰዎች በዚህ መንገድ ታክመው ከሦስት ዓመት በኋላ ዕጢው ከመቶ 97 በሚሆኑት ላይ ተመልሶ አላደገም፤ በሕይወት የነበሩት ግን ከመቶ 56 አካባቢ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የዕጢው በሌላ ቦታ መውጣትና ታማሚዎቹ አስቀድሞ የነበሩባቸው ሌሎች በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ከቀዶ ሕክምና ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጨረር ያንሳል» ማለት ትክክል አይሆንም። ቀዶ ሕክምና አንድ ግልጽ ብልጫ አለው፤ ንፍፊቶቹ ስለሚመረመሩ ትክክለኛው ደረጃ ይታወቃል። ጨረሩ ደግሞ ሆስፒታል መተኛት አይጠይቅም። ይህ ዓይነቱ ጨረር ዘመናዊ ማሽንና የትንፋሽ እንቅስቃሴን የሚከተል ዕቅድ ስለሚጠይቅ የጨረር ማሽን ያለው ማዕከል ሁሉ አይሰጠውም፤ መንገድ ከመጀመር በፊት ይህን ለይቶ በስልክ መጠየቅ ይሻላል።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ንፍፊቶቹ ካንሰር ከተገኘባቸው ብዙ ጊዜ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ያለበት ኬሞ (የካንሰር ሕዋስን የሚገድል የመድኃኒት ሕክምና) ይጨመራል። የኬሞው ጭማሪ ጥቅም ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከመቶ በአምስት ያህል ይጨምራሉ። ዕጢው ኢጂኤፍአር የሚባለው የዘረ መል ለውጥ ካለው ደግሞ ኦሲሜርቲኒብ የተባለውን ክኒን ለሦስት ዓመት መውሰድ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙትን ከመቶ 78 ወደ 88 ከፍ እንደሚያደርግ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና የተገኘው ናሙና መጣል የለበትም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ምርጫው የሚከብድበት ቦታ

ቀዶ ሕክምና የማይቻልበት ሦስተኛ ደረጃ ላይ አሁንም ሕክምናው ለማዳን የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መሠረታዊው ሕክምና ጨረርና ኬሞ ሲሆን ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንት፣ በድምሩ 30 ጊዜ ይሰጣል። የሚወዳደሩት አማራጮች ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስጠትና አንዱን ከሌላው በኋላ ማስከተል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 15፣ ተከታትለው ሲሰጡ 11 ያህል ነበሩ። በአንጻሩ ምግብ መዋጥ እስኪያቅት የሚያደርስ የጉሮሮ ቧንቧ ቁስለት በመጀመሪያው መንገድ ከመቶ 18፣ በሁለተኛው 4 ሰዎች ላይ ደርሷል።

ከባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ይህ ንጽጽር የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነው። በአንድ ጊዜ ለመታከም ታማሚውና አስታማሚው ጨረር ባለበት ከተማ ከስድስት ሳምንት በላይ መክረም ይኖርባቸዋል፤ ቤት ይከራያሉ፣ ሥራ ይቋረጣል፣ አስታማሚው አርሶ አደር ከሆነ እርሻው ሰው ይፈልጋል። ማስከተል ከተመረጠ ግን ኬሞው በአካባቢው ተሰጥቶ ጨረሩ ብቻ ሩቅ ሊሆን ይችላል። እንደዚህም ሆኖ ከ70 ዓመት በታች የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስና ክብደቱ ብዙ ያልቀነሰ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ከመቶ አራት ሰዎች የሚያተርፍ ልዩነት ከቤት ኪራይ ጋር የሚመዘን አይደለም። ለተዳከመ ሰው ግን ማስከተሉ የሽንፈት ምርጫ ሳይሆን የተሻለው ነው።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ ወስዶ በሽታው ያልተባባሰበት ሰው ለአንድ ዓመት ዱርቫሉማብ የተባለ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያነቃቃ መድኃኒት ቢጨመርለት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከመቶ 33 ወደ 43 እንደሚጨምሩ ታይቷል። መድኃኒቱ ግን እጅግ ውድ ነው። ያለውን ሁሉ ሸጦ ጥቂት ዙር ገዝቶ ከማቋረጥ ጨረሩንና ኬሞውን ሳያጓድሉ መጨረስ ይቀድማል።

ከተሠራጨ በኋላ

በአራተኛ ደረጃ የሚሰጥ ሕክምና፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ዕድሜን ለማራዘምና ሕመምን ለማቅለል ነው። እዚህ የሚወዳደሩት ኬሞ፣ የዘረ መል ለውጥን የሚያጠቁ ክኒኖችና ኢሚውኖቴራፒ (እንደ ዱርቫሉማብ የበሽታ መከላከል አቅምን በሚያነቃቃ መድኃኒት ማከም) ናቸው።

ኬሞ በብዛት የሚገኘውና ዋጋውም ከሌሎቹ የሚቀለው ነው። ከማስታገሻ ሕክምና ብቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ ዓመት የሚኖሩትን ከመቶ 20 ወደ 29 ከፍ ያደርጋል። ክኒኖቹ ግን ተስማሚው የዘረ መል ለውጥ ለተገኘበት ሰው ከኬሞ ይሻላሉ፤ ላልተገኘበት ሰው ደግሞ ከኬሞ ያነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ ከሰው ሰምቶ ከውጭ ማስመጣት ገንዘብ መጣል ነው። ለውጡ የሚበዛው ባላጨሱ ሰዎች ላይ በመሆኑ ዕድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ ጓዳ ውስጥ ያሳለፉ፣ ሲጋራ ግን ነክተው የማያውቁ እናቶች ምርመራውን ቢጠይቁ ይበጃቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በቤት ውስጥ የሚወጣውን የማገዶ ጭስ ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፤ «አጭሳ አታውቅምና ካንሰር ሊሆን አይችልም» የሚባለው አነጋገር የሚያዘገየውም እንደነዚህ ያሉትን ሴቶች ነው። ኤርሎቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2019 ከድርጅቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል፤ ጌፊቲኒብም ምትኩ ሆኖ ተጠቅሷል። ሁለቱም ከኦሲሜርቲኒብ በዋጋ ይረክሳሉ። ለጨጓራ ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ኦሜፕራዞል የእነዚህን የሁለቱን ክኒኖች ኃይል ይቀንሳል፤ የነቀርሳው ሪፋምፒሲንም እንዲሁ። የሚወሰደው ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር።

ኢሚውኖቴራፒ በአራተኛ ደረጃም ቢሆን ለጥቂቶች ረጅም ዕድሜ ሰጥቷል። ፒዲኤል-አንድ የተባለው ምልክት በናሙናቸው ካሉት የካንሰር ሕዋሳት ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ በሚሆኑት ላይ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ፔምብሮሊዙማብ የወሰዱት ከመቶ 32ቱ፣ በኬሞ የጀመሩት ደግሞ 16ቱ አምስት ዓመት ኖረዋል። ምልክቱ ዝቅተኛ ለሆነበት ሰው ብቻውን መስጠት እንዲህ ያለ ውጤት የለውም።

ባለ ትናንሽ ሕዋሱ ዓይነት

ይህ ዓይነት ቀዶ ሕክምናን ከጥቂት አጋጣሚ በስተቀር አያስመርጥም። ለኬሞ ፈጥኖ ይሸነፋል፣ ፈጥኖም ይመለሳል። በአንድ ወገን ደረት ብቻ ከተወሰነ ኤቶፖሳይድና ሲስፕላቲን የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ከጨረር ጋር ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ጨረሩን በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንት የወሰዱት ከመቶ 26ቱ፣ በቀን አንድ ጊዜ የወሰዱት 16ቱ አምስት ዓመት ኖረዋል። ከተሠራጨ በኋላ የተገኘ ከሆነ ኬሞ ትንፋሹን በቀናት ውስጥ ሊያቀልለት ስለሚችል ረጅም መንገድ ከመጓዝ ይልቅ በቅርብ ባለ ሆስፒታል ቶሎ መጀመር ይሻላል።

ማስታገሻ ከሌሎቹ ጋር እንጂ በኋላ አይደለም

የማስታገሻ ሕክምና ሌላው ሁሉ ሲያበቃ የሚሰጥ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በተሠራ ጥናት ግን ገና ከመጀመሪያው ከኬሞ ጋር ማስታገሻ ያገኙ የአራተኛ ደረጃ ታማሚዎች 11.6 ወር፣ ያላገኙት 8.9 ወር በአማካይ ግምት ኖረዋል፤ ሕይወታቸውም የተረጋጋ ነበር። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በሐኪም መጠን ሲሰጥ ሱስ ያስይዛል ተብሎ መከልከል የለበትም፤ የሚያስከትለው የሆድ ድርቀት ግን አብሮ መታከም አለበት። ወደ አጥንት ለተሠራጨ ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ሕመሙን ለማስታገስ በብዙ ቀን ከሚሰጠው የማይተናነስ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ከዘጌ በጀልባ፣ ከባሕር ዳር በአውቶብስ ተጉዞ ለሚመጣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጠበል፣ የባህል መድኃኒትና የወባ ወቅት

በጣና ዙሪያ ጠበል የማይጠመቅ ታማሚ ጥቂት ነው፤ ይህ ጽሑፍም ጠበልንና ሆስፒታልን አያወዳድርም። የሚያሳስበው ክኒኑን ወይም የጨረሩን ቀጠሮ አቋርጦ መሄድ ነው፤ ጨረር በመካከል ሲቋረጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ ባብዛኛው ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ዝቅ ስለሚል በእነዚያ ቀናት የሚጠጣው ውኃ የፈላ ቢሆን ይመረጣል፤ የንስሐ አባቱም ይህን ቢያውቁ ይረዱታል። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ወይም ቅጠል ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ከኬሞ ጋር አይወሰድ።

ሌላው የአካባቢው አደጋ ወባ ነው። በጣና ዳር ትኩሳት ሲመጣ ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ገዝቶ መተኛት የተለመደ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን የወባ ምርመራው ቢደረግም በዚያው ቀን የደም ሕዋሱ ተቆጥሮ አስፈላጊ ከሆነ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። እዚህ ላይ የአንድ ሌሊት መዘግየት ሕይወት ሊያሳልፍ ይችላል።

ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይስ ውጭ አገር

ከዚህ በኋላ የቦታው ጥያቄ ቀለል ይላል። ምርመራውንና ሪፈሩን በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል መጀመር ይገባል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈሩን ቅደም ተከተል ካልጠበቀ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል። ኬሞ ብቻ ለሚወስድ ሰው ከቤቱ አጠገብ መታከም ከሩቅ ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ትኩሳት ሲይዘውም ሐኪሙ ቅርብ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም በመጀመሩ ወረፋው የት እንደሚያጥር መጠየቅ ይቻላል። ለማዳን የታሰበ ጨረር ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ በመካከሉ ኬሞ መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ውጭ አገር መሄድ ዋጋ የሚኖረው በሁለት ሁኔታ ነው፦ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለማዳን ለታሰበ ጨረር የተመቸ ሰው በአገር ውስጥ በጊዜ ተራ ካላገኘ። ለተሠራጨ በሽታ ግን ከሰውየው ይልቅ ናሙናው ቢላክ ይሻላል። በሰም የተቀመጠው የፓቶሎጂ ናሙና፣ ናሙናው ተቀብቶ የተነበበበት መስታወትና የሲቲ ስካኑ ሲዲ ተይዞ ለዘረ መል ምርመራ ሊላክ ይችላል፤ ታማሚው ግን ኬሞውን ባሕር ዳር እየወሰደ ውጤቱን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ምርጫ ታማሚው ሕመሙን ካላወቀ አይሠራም። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ለሐኪሙ «ለእርሱ እንዳይነግሩት» ማለቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ለምን ለስድስት ሳምንት እንደሚከርም ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ቤቴ መልሱኝ» ማለቱ አይቀርም። በእርጋታ፣ የሚያምነው ሰው ባለበት፣ በሚችለው መጠን ይነገረው።

ለማዳን የታከመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የደረት ሲቲ ስካን ይነሳል። ይህን ክትትል ባሕር ዳር ማድረግ ይቻላል፤ የቀድሞዎቹ ፊልሞች ለማወዳደር ስለሚያስፈልጉ ግን ታማሚው በየቀጠሮው ይዟቸው መሄድ ይኖርበታል።